የሚልኪ ክብደት

«ምርጫው የእናንተ ነው» ከሚል ሐኪም ይሰውራችሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ደንበኛዬ «ቀሚሱ ይጠር ወይስ ይርዘም?» ብላ ስትጠይቀኝ «እንደ ወደድሽ» ብዬ አልሸሽም። ቁመቷን አይቼ የሚያምርባትን እነግራታለሁ፤ ካልጣማት ትጣላኛለች፤ አለቀ። ዮናስ ግን፣ የሸዋ ሮቢቱ የጥርስ ሐኪማችን፣ ልጄ የነከሰውን ጣቱን በፋሻ እየጠቀለለ ሁለት መንገድ ነገረኝና ምርጫውን እኔ ላይ ጣለው።

አንደኛው መንገድ የሞከርነው ነው። ልጄ ሚልኪያስ፣ ሁላችንም ሚልኪ የምንለው፣ አራት ዓመቱ ነው። ከታች በኩል ሦስት የመንጋጋ ጥርሶቹ ተቦርቡረዋል፤ በአንደኛው ሥር መግል ቋጥሮ ግራ ጉንጩ አብጧል። አያቱ ከማሳቸው ዳር የሚቆርጡለትን ሸንኮራ ቀኑን ሙሉ ሲመጥ እያየሁ ዝም ያልኩት እኔው ነኝ፤ ስለዚህ ማንንም አልወቅስም። ዮናስ «ያዙልኝና በመርፌ አደንዝዤ ልንቀለው» አለ። እኔ ጭንቅላቱን፣ ባለቤቴ ደሳለኝ እጆቹን፣ ነርሷ እግሮቹን ያዝን። ልጄ «እማዬ፣ አስጥይኝ» እያለ ጮኸ። አንገቱን አንቄ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ አስጥይኝ የሚለውም እኔኑ ነው። ሱሪው ላይ ሸና፣ የዮናስን ጣት ነከሰ፣ ጥርሱ ግን እዚያው ቀረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነጭ የለበሰ ሰው ባየ ቁጥር የስፌት መኪናዬ ሥር ይገባል። ጎረቤታችን እትዬ ሸዋዬ ነጠላ ለብሰው ሲመጡ እንኳ ከዚያ የሚያወጣው ጠፋ።

ሁለተኛው መንገድ ደብረ ብርሃን ወጥቶ፣ በሚያስተኛ መድኃኒት አስተኝቶ፣ ሦስቱንም ጥርስ በአንድ ቀን መጨረስ ነው።

«ይተኛል፤ በራሱ ይተነፍሳል፤ ሲነቃ አያስታውሰውም» አለኝ ዮናስ። «አደጋ የለውም ግን አልልሽም። ትንሽ አለው። ለዚያ ነው መድኃኒቱ በልጁ ኪሎ ተሰልቶ የሚሰጠው፤ ለዚያ ነው ትንፋሹን የሚጠብቅ ሰው አጠገቡ የሚቆመው። መግሉን እንዲሁ ብንተወው ደግሞ እሱም ሌላ አደጋ ነው።»

«አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» አልኩት።

«እኔ ልጅ የለኝም» አለና ሳቀ። ከሀዋሳ ተመድቦ የመጣ ልጅ ነው፤ ጨዋ ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን በመቀሴ ብወጋው ደስ ይለኝ ነበር።

ቀጠሮውን እሱ ደውሎ ሊያስይዝልን ተስማማን። የልጁን ክብደት ግን አስቀድሞ መናገር ነበረበት፤ የክሊኒኩ ሚዛን ደግሞ ባትሪው ሞቶ ጥግ ቆሟል። «የትም መዝናችሁት ደውሉልኝ» አለን።

ደሳለኝ ሽንኩርት ነጋዴ ነው። መጋዘኑ አስፋልቱ ዳር ነው፤ የቀወት ገበሬ በአህያና በባጃጅ ያመጣል፣ እሱ መዝኖ ይረከባል፣ አይሱዙ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል። ከክሊኒኩ ወጥተን ስንደርስ ተራ የያዙ ገበሬዎች በር ላይ ነበሩ። ከእነሱ መካከል አባቴ፣ ጋሽ በላይ፣ ጆንያዎቻቸው ላይ ተቀምጠው ላባቸውን በጋቢያቸው ይጠርጋሉ። ዘንድሮም የሚሉት ያንኑ ነው። «መሬቱ ደክሟል፤ ማዳበሪያ ብጨምርም፣ ውሃ ባበዛም፣ በዐይኔ የማየው ሽንኩርትና መጋዘን የሚደርሰው ሽንኩርት አይገናኝም፤ እኔም አርጅቻለሁ መሰለኝ።» ለሁለት ዓመት ከአፋቸው የማይጠፋ ነገር ስለሆነ ማናችንም ጆሮ አንሰጠውም።

ክብደት እንደተፈለገ ስነግራቸው አባቴ ልጁን ብድግ አድርገው ሚዛኑ ላይ አቆሙት።

«ተዉት፣ አባባ፣ ተዉት» አለ ደሳለኝ ከውስጥ እየሮጠ። «የሽንኩርት ሚዛን ነው፣ ያቆሽሸዋል። ሌላ ቦታ እናስመዝነዋለን።»

«ሽንኩርት የበላ ልጅ በሽንኩርት ሚዛን ቢመዘን ምን አለው?» አሉ አባቴ። ገበሬዎቹ ሳቁ። ሚልኪ ደስ አለው፤ እጁን ዘርግቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቀዩ ቁጥር ተንቀጥቅጦ አሥራ አራት ላይ ቆመ። እኔ እዚያው ሆኜ ለዮናስ ደወልኩና «አሥራ አራት ኪሎ» አልኩት። ደሳለኝ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ገበሬዎቹን አየ፤ ከዚያ አባቴን አየ፤ ከዚያ ዘወር ብሎ ሠራተኛውን ያለ ምክንያት ተቆጣ።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ባሌ ሌላ ሰው ሆነ። «ይቅር» አለኝ ቤት ስንገባ። «ማስተኛቱ ይቅር። እኔና ወንድሜ ሆነን እንይዘዋለን። ዮናስ እዚሁ ይንቀለው።»

«ጠዋት እኮ አንተ ነህ እናስተኛው ያልከው።»

«አሁን አልኩ፤ ይቅር።»

ምክንያቱን ስጠይቀው ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ ስልኩን ያወጣል፣ መልሶ ይከታል። አንዴ «እዚያ ደግመው ይመዝኑታል አይደል?» አለኝ። «እንጃ» አልኩት። ወዲያው ለዮናስ ደውሎ ያንኑ ሲጠይቅ ሰማሁት። ዮናስ «ይመዝኑታል» ሲለው ትንሽ ረጋ አለ፤ ውሎ ሳያድር ደግሞ ያው መንቆራጠጥ ጀመረው። ፈሪ ነው አልኩ በልቤ። ወንድ ልጅ ሆኖ መፍራቱን ለሚስቱ መናገር ያቃተው ነው አልኩና ናቅሁት።

እኔስ ረጋሁ ማለት ነው? ለትምህርት ቤት ዩኒፎርም የቆረጥኩትን እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ፤ ፈታሁ፤ መልሼ ገልብጬ ሰፋሁ። መድኃኒት ቤቷን ጠየቅኩ፣ ቄሱን ጠየቅኩ፣ ደንበኞቼን አንድ በአንድ ጠየቅኩ። ሁሉም የየራሱን ፍርሃት አስይዞ ይልከኛል። የባሱት እትዬ ሸዋዬ ናቸው።

«ማጀቴ ከተማ አንድ ልጅ ነበር አሉ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጥርሱን ሊነቅሉ ብለው አስተኙትና በዚያው ቀረ።»

«የማን ልጅ ነው?»

«እሱን እንኳ አላወቅሁትም።»

«መቼ ነው?»

«ኧረ ቆይቷል፤ ብቻ ሲወራ ሰማሁ።»

ስሙ የማይታወቅ፣ ቀኑ የማይታወቅ፣ አባት እናት የሌለው ልጅ መጥቶ ቤቴ ገባ። ሚልኪ ከሰዓት በሞቃቱ ሰዓት ሲያሸልብ ሥራዬን ጥዬ ደረቱን አያለሁ። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ዝቅ ሲል መልሶ ከፍ እስኪል ድረስ የኔ ትንፋሽ ይቆማል። ደግሞ ይነቃና በግራ ጉንጩ በኩል ምግብ እየሸሸ፣ በቀኝ በኩል ብቻ እያኘከ፣ እንባው ዱብ ዱብ ሲል ሳየው «ይተኛ፣ ምንም ይሁን ይተኛ» እላለሁ። በአንድ ቀን ውስጥ ስንቴ እንደወሰንኩና ስንቴ እንዳፈረስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። በመጨረሻ የቆረጠልኝ ያ ቃል ነው፤ «አስጥይኝ» ያለኝ። ዳግመኛ አንቄ ልይዘው አልችልም። ለደሳለኝ «እንሄዳለን» አልኩት። ድምፄን ሲሰማ አልተከራከረኝም።

አባቴ ከእኛ ጋር ካልሄድኩ አሉ። የማስተኛቱን ነገር ጨርሶ አልወደዱትም፤ የማያውቁት ሰው የልጅ ልጃቸውን ዐይን ሲከድን ከሩቅ ሆነው መስማት ግን ባሰባቸው። መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠየቅን፤ ሰላም ነው ተባልን። ገና ሳይነጋጋ ሚኒባስ ላይ ወጣን። ሚልኪ እህል ውሃ እንዳይቀምስ በጥብቅ ተነግሮናል፤ ሆዱ ባዶ ካልሆነ ተኝቶ ሳለ ቢያስመልሰው ወደ ሳንባው ይገባል ብለውናል። እትዬ ሸዋዬ በር ድረስ ተከትለውን «አንዲት ጉርሻ ምን ታደርገዋለች» ሲሉ ልጁን ጋቢ ውስጥ ደብቄ አለፍኳቸው።

ደብረ ሲና ስንደርስ መከራው መጣ። መኪናው ገና ሳይቆም ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ወረሩት። ሚልኪ ሌላ ጊዜ ስንወጣ እዚያ ቆሎ እንደሚገዛለት ያውቃል። «እማዬ፣ ቆሎ» አለ። «ስንመለስ» አልኩት። «አሁን» አለ። በሚያመው ጥርስ ቆሎ ምን እንደሚያደርግለት እንጃ፤ ልጅ ነዋ። አንዷ ሻጭ ሲያለቅስ አይታ እፍኝ ቆሎ በመስኮት አስገብታ እጁ ላይ ጣለችለት። አባቴ ቶሎ ብለው ትንሿን መዳፉን በመዳፋቸው ከደኗት፤ ቆሎውን አራግፈው በኪሳቸው ከተቱት።

«ኧረ ምን ዓይነት እናት ነሽ» አለችኝ ሴትዮዋ።

እውነቷን ነው ብዬ አሰብኩ። ያን ጊዜ ደሳለኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እንመለስ፤ ገና አልመሸብንም፤ እዚሁ ወርደን እንመለስ» አለኝ።

«ከፈለግክ አንተ ውረድ» አልኩት፤ ከፊት የተቀመጡት ሰዎች ዞረው እስኪያዩን ድረስ። «ብቻህን ተመለስ። እኔ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ።»

ፊቱን አዞረ።  ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ ስንገባ ጨለመ፤ ሚልኪ ከለቅሶው ብዛት ደክሞት ክንዴ ላይ ተኛ። ከዋሻው ስንወጣ ብርዱና ጭጋጉ ተቀበለን፤ የልጄ ዐይኖች እንደ ተከደኑ ናቸው። እንዲህ ነው የሚሆነው አልኩ ለራሴ። እንዲህ ሆኖ ነው ለሐኪሞቹ የማስረክበው። ቀሰቀስኩት፤ ማስለቀሴን እያወቅኩ ቀሰቀስኩት።

ሆስፒታሉ ውስጥ የተቀበለችን ዶክተር ናርዶስ ትባላለች። ነጭ ሳይሆን አበባ ያለበት ሸሚዝ ነው የለበሰችው፤ ለዚህ ብቻ ወደድኳት። ሚልኪን ከእኔ ሳትወስደው አናገረችው፣ ጫማውን አስወለቀችው፣ ሚዛን ላይ አቆመችው። ደሳለኝ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ሲያይ ነበር። ቁጥሩ ሲወጣ ትንፋሹን ሲለቅ ሰማሁት፤ ልክ ሸክም እንደወረደለት ሰው። ዶክተሯ ግን ቁጥሩን አየች፣ ከዮናስ የተላከላትን አየች፣ ልጁን አውርዳ እንደገና አቆመችው።

«አሥራ አራት ነበር የተባልኩት» አለች። «ይሄ አሥራ ስድስት ነው። መቼ ነው የተመዘነው?»

«ባለፈው ሳምንት» አልኳት።

ፊቷ ተለወጠ። ቁጭ ብላ የልጁን ቅልጥም በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገችው። የዐይኑን ቆብ አየች፤ ከደብረ ሲና ጀምሮ ስላለቀሰ አብጧል። «ሽንቱ እንዴት ነው? መልኩ ተለውጧል? ጠዋት ሲነሳ ፊቱ ያብጣል?» አለችኝ። ግራ ጉንጩ ካበጠ ሰንብቷል፤ ጠዋት ይሁን ማታ በምን ለይቼ ልንገራት።

«ጥርሱን የታመመ፣ በደንብ የማይበላ ልጅ በሳምንት ሁለት ኪሎ ሥጋ አይጨምርም» አለች። «ጨምሮ ከሆነ ውሃ ነው፤ ውሃ ከሆነ ደግሞ ኩላሊቱን ማየት አለብኝ። ያ ሳይታወቅ አላስተኛውም። ወይም ከሁለቱ ሚዛኖች አንዱ ተሳስቷል። የት ነው የመዘናችሁት?»

የመለሱላት አባቴ ናቸው። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ቀና ብለው። «የአማቼ ሚዛን ነው፣ ልጄ። ትልቅ የንግድ ሚዛን። ሽንኩርቴን ሁልጊዜ የምመዝንበት ነው፤ እሱስ አይሳሳትም። የእናንተን ግን ማን ያየዋል?»

ዶክተሯ አልተቆጣችም። «የእኛን በየጠዋቱ ክብደቱ የታወቀ ብረት እናስቀምጥበታለን፣ አባት። የብረቱን ልክ ካልተናገረ አንሠራበትም። ዛሬም ተሞክሯል።»

«እንግዲያው ሁለቱም ትክክል ናቸው» አሉ አባቴ።

«እንግዲያው ኩላሊቱን እናያለን» አለች። «የሽንትና የደም ምርመራ እጽፋለሁ። ለዛሬ አይሆንም። ለጥርሱ የሚሆን መድኃኒት እሰጣችሁና ውጤቱ ታይቶ ሌላ ቀጠሮ ትይዛላችሁ።»

ኩላሊት። ጥርስ ብዬ የመጣሁት ሴትዮ ኩላሊት ይዤ ልመለስ ነው።  ሚልኪ ቀሚሴን እየሳበ «ራበኝ» ይለኛል፤ እኔ በልቤ ከማጀቴው ልጅ ጋር እየቀበርኩት ነው። ደሳለኝን አየሁት፤ አንድ ነገር በል፣ ቢያንስ አጠገቤ ቁም ብዬ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ እንደሚጨመቅ ጨርቅ ይጠመዝዘዋል።

«ኩላሊቱ ደህና ነው» አለ።

«እንዴት አወቁ?» አለች ዶክተሯ።

«ሚዛኑ ነው። የእኔ ሚዛን ያጎድላል።»

«ተበላሽቶ ነው? የተበላሸ ሚዛን ከሆነ ዛሬ አንድ ነገር፣ ነገ ሌላ ነገር ይናገራል። በእሱ ተማምኜ ኩላሊቱን ልተወው አልችልም።»

እዚህ ላይ «አዎ፣ ተበላሽቶ ነው» ማለት ይችል ነበር። አባቴ አጠገቡ ቆመዋል፤ ክንዳቸው ክንዱን ይነካል። ቃሉን ለማለት እንደዳዳው ከንፈሩ ላይ አየሁት። ከዚያ ሚልኪን አየው።

«አልተበላሸም» አለ። «ሁልጊዜ ያው ነው። ከስምንት ኪሎ አንድ ኪሎ ይቀንሳል። እኔ ነኝ እንዲያ ያደረግኩት። ከገበሬ ስረከብ የምመዝንበት ነው።»

 ዶክተሯ ወደ ወረቀቷ ጎንበስ አለች፤ ያ ጎንበስ ማለቷ ለእኛ አዝና ይመስለኛል። «ከአሥራ ስድስት ሁለት ሲቀነስ አሥራ አራት» አለች ለራሷ። «ልክ ነው።» ከዚያ ቀና ብላ፣ ለጥንቃቄ ሽንቱን ብቻ ወዲያው እንደምታሳይ፣ ንጹሕ ከሆነ ዛሬውኑ እንደምትጀምር ነገረችን። አባቴ መስኮቱን ያያሉ። ከመስኮቱ ውጭ ባዶ ግቢ ነው።

የሽንቱ ውጤት ንጹሕ ሆነ። ዶክተር ናርዶስ የስምምነት ወረቀቱን አምጥታ ሁሉንም ነገር እንደገና አስረዳችኝ፤ ትንሿን አደጋ ጨምራ። «አሁንም ትስማማላችሁ?» አለች። ይኸው፣ ምርጫው የእናንተ ነው።

አንድ ነገር ልናገር። በዚያች ሰዓት ማንንም ማመን አቅቶኝ ነበር። አብሮኝ የሚበላ፣ አብሮኝ የሚተኛ ሰው ሚዛኑ ከአባቴ ጆንያ ላይ ሲቆርጥ እያየ፣ አባቴ «መሬቱ ደክሟል» ሲሉ አብሮ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። እኔ ደግሞ የሰው ትከሻ በዐይኔ የምለካ ሴት፣ ቤቴ ውስጥ ያለውን አላየሁም። ታዲያ ስሟን ዛሬ የሰማሁትን ሴት በምን ልመናት? ወረቀቱን ይዤ ቆምኩ። «አንዴ ደግመሽ መዝኚልኝ» አልኳት። ምንም ሳትል ልጁን አቆመችው። ቁጥሩን ራሴ አነበብኩ። አሥራ ስድስት። «የምትሰጪውንም እያየሁ ስጪው» አልኳት። እሺ አለች። ፈረምኩ።

ደሳለኝን አልጠየቅኩትም። አባቴን ጠየቅኳቸው። «ልጁ ምን አደረገ» አሉ። «ይታከም።»

መድኃኒቱ የሚጣፍጥ ሽሮፕ ነው። ሚልኪ ርቦት ስለነበር ግጥም አድርጎ ጠጣው፤ ጨምሪልኝ አላት። ጭኔ ላይ አስቀምጬ ያዝኩት። ትንሽ ቆይቶ መሳቅ ጀመረ፤ ጠጅ እንደቀመሰ ሽማግሌ ይስቃል፤ «እማዬ፣ ሁለት አፍንጫ አለሽ» አለኝ። ከዚያ ራሱ ቀስ እያለ ደረቴ ላይ ወደቀ። አልታገለም። አስጥይኝ አላለም። እጁ ብቻ ቀሚሴን እንደያዘ ቀረ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈታኋቸውና አስረከብኳት። አልጋው ላይ አስተኝተው ጣቱ ላይ ትንፋሹንና ልቡን የሚያሳይ መሣሪያ አደረጉለት፤ አንዲት ነርስ ራስጌው ቆመች። በሩ እስኪዘጋ ደረቱን አየሁ። ከፍ፣ ዝቅ።

ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ለሦስታችን አንድ ነበር። እኔ መሀል ተቀመጥኩ። መቀመጥ ግን አልቻልኩም፤ ተነሳሁ፣ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። በሩ ላይ ጆሮዬን አደረግኩ፤ የብረት ድምፅ ይሰማል፤ የልጄ ድምፅ የለም። ለቅሶውን ፈርቼ የመጣሁት ሴት አሁን ምነው ባለቀሰ አልኩ።

«አባባ» አለ ደሳለኝ። ከወንበሩ ወርዶ ጉልበታቸው ሥር ነበር። «ይቅር በሉኝ።»

የአባቴ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ ያችን የደብረ ሲና ቆሎ በጣታቸው ይፈትጓታል።

«መሬቱ ደክሞ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ባለፈው ክረምት ቆሜ ሰደብኩት። ስንት ዓመት ያበላኝን መሬት ሰደብኩት። እኔም አበቃልኝ ብዬ ማሳውን ለእኩል አራሽ ልሰጥ ሰው አነጋግሬ ነበር።»

«አባባ...»

«ቆይ» አሉት። «መጀመሪያ ልጁ ይንቃ።»

 በሩ ሲከፈት ሦስታችንም እኩል ተነሳን። ዶክተር ናርዶስ ጭምብሏን ዝቅ አድርጋ «አለቀ፤ ሊነቃ ነው፤ ግቡ» አለች። ሚልኪ ጥጥ ነክሶ፣ ፀጉሩ በላብ ግንባሩ ላይ ተለጥፎ ተኝቷል። ስሙን ጠራሁት። አልመለሰም። ደግሜ ጠራሁት። የዐይኑ ቆብ ተንቀሳቀሰ፣ ተከፈተ፣ ጣራውን አየ፣ እኔን አየ፣ አያቱን አየ።

«ቆሎ» አለ በጥጥ በተሞላ አፉ።

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። አባቴም ኪሳቸውን ይዘው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ወደ ቆላችን ስንወርድ ሙቀቱ ደብረ ሲናን እንዳለፍን ተቀበለን። ሚልኪ አያቱ ጭን ላይ ነው። በመስኮት የሽንኩርት ማሳዎቹን ሳይ ጭንቅላቴ ያለ ፈቃዴ ያሰላል። ከስምንት ጆንያ አንድ። ቤታችን ውስጥ ያለው ቁም ሣጥን፣ ቴሌቪዥኑ፣ የኔው አዲስ የስፌት መኪና፤ የትኛው የማን ስምንተኛ ጆንያ እንደሆነ ማን ይለየው? ደሳለኝ በሳምንቱ «አስተካከልኩት» አለኝ። «እናያለን» አልኩት። 

የሚቀጥለው የሽንኩርት ለቀማ ደረሰ። መጋዘኑ በር ላይ ገበሬው ተራ ይዟል። አባቴ ይመጣሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ሌላ ነጋዴ ሞልቷል። ረፋዱ ላይ ግን አህዮቻቸውን እየነዱ መጡ። ለደሳለኝ ምሳ ላደርስ ሄጄ ነበር፤ ሚልኪ ከእኔ ጋር ነው፤ በሚስቅበት ጊዜ የታች ድዱ ክፍት ሆኖ ይታያል። ደሳለኝ ሲያያቸው እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ጆንያዎቹን ሊያወርድ ሮጠ።

«ቆይ፣ ልጁ ይቅደም» አሉ አባቴ።

ሚልኪን ብብቱን ይዘው አነሱትና ሚዛኑ ላይ አቆሙት። ገበሬዎቹ ባለፈው ስቀው ነበር፤ ዛሬ የሳቀ የለም። ወሬው በምን እንደደረሰ እንጃ፣ ግን ደርሷል፤ ሁሉም ዙሪያውን ከበቡ። የሐኪም ቤቱ ኪሎ ስንት እንደሆነ አንዱ አንዱን በሹክሹክታ ሲጠይቅ ሰማሁ። ቀዩ ቁጥር መንቀጥቀጥ ጀመረ።  አሥራ አራት ቢል ከዚያች ደቂቃ በኋላ ከዚህ ሰው ጋር አንድ ቤት አልገባም ብዬ ወስኛለሁ፤ እሱንም ለማንም አልተናገርኩም።

አሥራ ስድስት አለ፤ ከአሥራ ስድስትም ትንሽ አለፈ።

«አያያ፣ ልውረድ?» አለ ሚልኪ።

«ትንሽ ቆይ» አሉት አባቴ፣ ዐይናቸውን ከባሌ ሳይነቅሉ። «አባትህ ያንብበው።»

ደሳለኝ ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን አነበበ። ተራ የያዙት ሁሉ እንዲሰሙት ጮክ ብሎ አነበበው።